የገዛነው ፊልም ለምን ጨለመብን? የቁልፍና የመታመን ታሪክ



ከጥቂት ጊዜ በፊት በወጣቶቻችን የቅዳሜ ምሽት ኅብረት ላይ አንድ ነገር ደረሰብን። ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ ከእኛ ልብ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እኛ በአሜሪካ የምንኖር አነስተኛ አማርኛ ተናጋሪ ጉባኤ ነን። ከጸሎት በኋላ አንድ ፊልም አብረን አይተን ስለ ይቅርታ ልንወያይ ተቀጣጥረን ነበር። ፊልሙን ከኢንተርኔት መደብር ከፍለን ገዛነው። ሻይና ዳቦው ተዘጋጀ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ላፕቶፑን በአዳፕተር አድርገን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ፕሮጀክተር ጋር አገናኘነው። የላፕቶፑ ገጽ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ታየ። ፊልሙን ስናስጀምረው ግን ግድግዳው ጨለመ፤ ይህ ፊልም በዚህ ማሳያ ላይ ሊታይ አይችልም የሚል መልእክት ብቻ ወጣ።

ገመዱን ነቅለን ሰካነው። ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው። ሌላ አዳፕተር ተዋስን። ሻይው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ታገልን፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ወንድም ከኋላ ተነሥቶ «እኔ ጋ በፍላሽ አለ፤ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነው» አለን። ቸኩለን ስለ ነበር ሁለት ጊዜ ሳናስብ ሰካነው። ወዲያው ሠራ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ታዳጊ እኅታችን ግን ወደ ወጣቶች መሪው ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ የገዛነው እምቢ ብሎ የተሰረቀው እንዴት እሺ አለ?» ስትል ጠየቀችው።

መሪያችን መልስ አልነበረውም። ፍላሹን ነቀለው፤ ያን ምሽት ያለ ፊልም ተወያየን። ጥያቄዋ ግን አብሮን ወደ ቤት ገባ። ቆይተን ስንመረምረው ከኋላው የብዙ ዓመታት ታሪክ እንዳለ አገኘን። ዛሬ ያን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን፤ ከሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክብደቱ ቁልፍ በነበረበት ዘመን

ቪዲዮ ከመምጣቱ በፊት ፊልም ማለት በትልቅ መንኮራኩር ላይ የተጠቀለለ ረጅም ጥቅልል ነበር። በሲኒማ ቤት የሚታየው 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ኮዳክ ኩባንያ በ1923 ቀለል ያለ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ለገበያ አቀረበ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሚስዮናውያን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተጠቀሙት በዚህ ነው። ከሉቃስ ወንጌል ተወስዶ የተሠራውና በ1979 የወጣው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም ወደ ገጠር መንደሮች የገባው በአብዛኛው እንዲህ ነበር፦ ፕሮጀክተሩ በመኪና ተጭኖ፣ ጄኔሬተሩ ከጎኑ እየጮኸ፣ ነጭ ጨርቅ በሁለት እንጨት መካከል ተወጥሮ። ይህ ፊልም አማርኛን ጨምሮ ከ2000 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

በዚያ ጥቅልል ላይ አንድም የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ አልነበረም። ማንኛውም የ16 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር ማንኛውንም የ16 ሚሊሜትር ፊልም ያሳያል። ታዲያ የፊልሙ ባለቤቶች ለምን አልፈሩም? ጥቅልሉን ለመቅዳት ላቦራቶሪ፣ ኬሚካልና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ስለ ነበር ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናትም ጥቅልሉን ተከራይተው፣ አሳይተው ይመልሱ ነበር። ክብደቱና ዋጋው ራሱ ጠባቂ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ዴኩ መጣ

ነገሩ የተለወጠው የቪዲዮ ዴክ ወደየቤቱ ሲገባ ነው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የተባለውን ዴክ አወጣ፤ ጄቪሲ ደግሞ በ1976 በጃፓን ቪኤችኤስን አስከተለ። ኋላ ዓለምን የሸፈነው፣ እኛም በየሳሎናችን የምናውቀው፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ከቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ቀድቶ በፈለገው ሰዓት ማየት ቻለ።

የፊልም ኩባንያዎቹ ደነገጡ። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ በ1976 ሶኒን ከሰሱ። ክርክራቸው፣ መቅጃ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ገዢዎቹ ለሚፈጽሙት የመብት ጥሰት ተጠያቂ ይሁን የሚል ነበር። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1984 በአምስት ለአራት ድምፅ ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው በቤቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀድቶ በኋላ ማየቱ ተገቢ አጠቃቀም ነው አለ፤ ዴኩም ሕጋዊ ጥቅም ስላለው ሶኒ ተጠያቂ አይሆንም ሲል ፈረደ። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ የቤት ውስጥ ቪዲዮ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። የሚገርመው፣ ኩባንያዎቹ እጅግ የፈሩት ዴክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሴት በመሸጥና በማከራየት ትልቅ ገቢ አስገኘላቸው።

በፍርድ ቤት የተሸነፉት ባለ ፊልሞች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ማክሮቪዥን የተባለ ኩባንያ ቀደም ብሎ በ1983 ተቋቁሞ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ምስል ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ሲሸጋገር ዓይን የማያየው አጭር ክፍተት አለ። ማክሮቪዥን በዚያ ክፍተት ውስጥ የተዛባ ምልክት ይጨምራል። ቴሌቪዥን ምልክቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ዴክ ግን ሲቀዳ የምስሉን ጉልበት በራሱ የሚያስተካክል ክፍል ስላለው ይደናገራል። ውጤቱ አንዴ የሚደምቅ አንዴ የሚደበዝዝ ቅጂ ነው። በ1985 በካሴት የወጣው «ዘ ኮተን ክለብ» ይህ የተጨመረበት የመጀመሪያው ፊልም ነበር።

ሁለት ዴክ በገመድ አገናኝቶ ካሴት ሲገለብጥ ያደገ ሰው ይህን ሳያውቀው አይቀርም። የሠርግ ቪዲዮ በደንብ ይገለበጣል፤ ከሱቅ የተገዛው ፊልም ግን እየበራ እየጨለመ ይወጣል። ካሴቱ ተበላሽቷል ብለን ጥለነው ይሆናል። ካሴቱ ግን ደኅና ነበር፤ ሆን ተብሎ እንዲያ ተሠርቶ ነው። ዘዴው ቅን የሆነውንም ሰው ያስቸግር ነበር፤ ዴኩን በመካከል አሳልፎ ወደ ሌላ ማሳያ የሚያገናኝ ሰው፣ ምንም ባይቀዳ እንኳ ምስሉ ሊዛባበት ይችል ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው መሣሪያ ቅን ገዢና ቀጂን መለየት አለመቻሉ በግልጽ መታየት የጀመረው።

የተቆለፈው ዲቪዲና የተከፋፈለችው ዓለም

ዲቪዲ በኖቬምበር 1996 በጃፓን፣ በማርች 1997 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ካሴት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ዲጂታል ቅጂ ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ከመጀመሪያው አይለይም። ስለዚህ ባለ ፊልሞቹ በዲቪዲው ላይ ያለውን ምስል በሚስጥር ቁልፍ አመሰጠሩት። ዲቪዲ ማጫወቻ የሚሠሩ ኩባንያዎች ቁልፉን የሚያገኙት ውል ፈርመውና የውሉን ግዴታ ተቀብለው ብቻ ሆነ።

ከዚህ ጋር ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1 ሆኑ። አብዛኛው አውሮፓ፣ ጃፓን፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2 ተባሉ። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ውስጥ ገባች። ምክንያቱ ንግድ ነው፤ አንድ ፊልም በአንዱ አገር ሲኒማ ቤት ሳይታይ በፊት ዲቪዲው ከሌላ አገር እንዳይገባና በየገበያው የተለያየ ዋጋ እንዲጠየቅ ነው። ለእኛ ለስደተኞች ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ከዋሽንግተን በሻንጣ ተይዞ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ የሄደ ዲቪዲ፣ የክልል 5 ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ እምቢ ይላል። ስጦታውን የላከው ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ በቅን ልብ ነው የላከው። ማጫወቻው የሚያየው ግን ቁጥሩን ነው።

ሕግም ቁልፉን ተከተለ። በዲሴምበር 1996 በጄኔቫ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት፣ አገሮች እንዲህ ያሉትን ቁልፎች ከመሰበር በሕግ እንዲጠብቁ ጠየቀ። አሜሪካ በኦክቶበር 1998 ይህን በራሷ ሕግ አጸደቀች። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ቁልፉን ማለፍና ማለፊያ መሣሪያ ማሰራጨት ራሳቸውን የቻሉ ጥፋቶች ሆኑ፤ ፊልሙን ገዝተህ ቢሆንም እንኳ።

ቁልፉ ግን ብዙ አልቆየም። በ1999 መጨረሻ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ልጅና ማንነታቸው ያልታወቀ ጓደኞቹ የዲቪዲን ምስጠራ የሚፈታ ፕሮግራም አሰራጩ። ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ርዝመት ስለ ነበረው ደካማ ነበር። ዮሃንሰን በአገሩ ተከሰሰ፤ በ2003 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የይግባኝ ችሎቱም አጸናለት። የዳኞቹ ሐሳብ በአጭሩ፣ ሰው የራሱን ዲቪዲ ለማየት ቁልፉን ማለፉ ወንጀል አይደለም የሚል ነበር። አንድ ዓይነት ድርጊት በኦስሎ አንድ ፍርድ፣ በአሜሪካ ሕግ ሌላ ፍርድ አገኘ ማለት ነው።

ሰላምታ የማያውቀው ፕሮጀክተር

አሁን ወደ ጨለመው ግድግዳችን ደረስን። ዲቪዲው ቢቆለፍም ባለ ፊልሞቹን አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር፦ ምስሉ ተፈትቶ በገመድ ወደ ማሳያው ሲሄድ መንገድ ላይ ቢቀዳስ? ለዚህ ኢንቴል ኩባንያ ኤችዲሲፒ የተባለ ዘዴ ሠራ፤ የመጀመሪያው እትም በ2000 ወጣ። ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የኤችዲኤምአይ ገመድም ከዚህ ዘዴ ጋር አብሮ ተስፋፋ። በቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ይህን ዘዴ የሚያውቅ ስለ ሆነ ሥራውን ሳታዩት ያልፋል።

አሠራሩን በእኛ ባህል ማስረዳት ይቻላል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው፣ የማን ልጅ እንደ ሆኑ ተጠያይቀው፣ ዘመድ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ነው ጉዳያቸውን የሚያወሩት። ላፕቶፑና ማሳያውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ፈቃድ ያለው እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ 40 የሚስጥር ቁልፎችና አንድ መለያ ቁጥር አሉ። ሁለቱ መለያ ቁጥራቸውን ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ የሌላውን ቁጥር ተመልክቶ ከራሱ 40 ቁልፎች የትኞቹን እንደሚደምር ይመርጣል። ሁለቱም የዚህ ቤተሰብ አባላት ከሆኑ፣ ሚስጥራቸውን ለማንም ሳይነግሩ፣ የድምራቸው ውጤት አንድ ይሆናል። ከዚያ ምስሉ ተመስጥሮ ይላካል። ሰላምታው አንዴ ተደርጎ አያበቃም፤ ፊልሙ እስኪያልቅ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ይጣራል።

የእኛ ፕሮጀክተር ምስል የሚቀበለው በቪጂኤ ነበር፤ ባለ ሦስት ረድፍ ቀዳዳ ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚጠብቀው ሰማያዊ ገመድ። ይህን መስመር አይቢኤም ያወጣው በ1987 ነው። ምስል ያስተላልፋል፤ ሰላምታ ግን አያውቅም። «ዘመድ ነህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ምንም አይመልስም። ስለዚህ የጸሎት ርዕስም ሆነ የመዝሙር ግጥም ስናሳይ ምንም አይልም፤ የተጠበቀ ፊልም ሲመጣ ግን ላፕቶፑ በሩን ይዘጋል። ምልክቱን ለብዙ ማሳያዎች የሚያከፋፍል ሳጥን ያላቸው አዳራሾች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መሣሪያ ሰላምታውን ማወቅ አለበት፤ አንድ አሮጌ ሞኒተር ሁሉንም ሊያጨልም ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብቻ የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ እንዳልሆነ ስናውቅ ተጽናናን። በኦክቶበር 2008 አፕል ኩባንያ አዲስ መውጫ ያላቸው ላፕቶፖች አወጣ፤ ያ መውጫ ኤችዲሲፒን የሚያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ወር አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከኩባንያው መደብር የገዛውን ፊልም በክፍሉ ፕሮጀክተር ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ሲሞክር ተከለከለ። ወሬው በቴክኖሎጂ ጸሐፊዎች ዘንድ ፈጥኖ ተሰራጨ፤ ብዙ ሰዎች የእነርሱም እንዲሁ እንደ ሆነ ተናገሩ። አስገራሚው ነገር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ላፕቶፖች ያው ፊልም በዚያው ፕሮጀክተር ላይ ይታይ ነበር። ከገዢው በኩል የተለወጠ ነገር አልነበረም። ኩባንያው በወሩ መጨረሻ ባወጣው ማሻሻያ መደበኛ ጥራት ያላቸው ፊልሞች በአሮጌ ማሳያዎች ላይም እንዲታዩ ፈቀደ፤ የከፍተኛ ጥራት ፊልሞች ግን እንደ ተከለከሉ ቀሩ።

በሌላ በኩል አሮጌው መስመር ቀስ በቀስ ተዘጋ። በብሉሬይ ዲስኮች የፈቃድ ውል መሠረት ከ2010 በኋላ የሚሠሩ ማጫወቻዎች በአሮጌው የአናሎግ ገመድ የሚልኩት የተጠበቀ ምስል በመደበኛ ጥራት ተወሰነ፤ ከ2013 በኋላ ለሚሠሩት ደግሞ ጨርሶ ተከለከለ። እንግዲህ በየአዳራሹ የተሰቀሉ፣ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ፕሮጀክተሮች ሳይበላሹ «የማይታመኑ» ሆኑ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ቀጂውን አስቆመውን? በሴፕቴምበር 2010 የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ፣ ማለትም ሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ የሚመነጩበት ሚስጥር፣ በኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ኢንቴልም እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ጠንከር ያሉ እትሞች መጡ። ሆኖም አንድ ሰው በአንድ ቦታ ቁልፉን አንዴ ከሰበረው፣ የተፈታው ቅጂ ያለ ምንም ቁልፍ ይዞራል። ለታዳጊ እኅታችን ጥያቄ ቴክኒካዊው መልስ ይኸው ነው። በፍላሹ ላይ ያለው ፊልም እሺ ያለው ቁልፉ ቀድሞ ስለ ተነቀለለት ነው። ሰላምታ አይጠይቅም፤ ማንንም አይጠረጥርም። የቁልፉ ሸክም የቀረው በከፈለው ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ነው።

ቁልፉ የማይመልሰው ሌላ ጥያቄ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኛ የተበደልን ንጹሐን ሆነን እንቀር ነበር። ስንመረምር ግን ሌላ ነገር አገኘን፤ እርሱን ደብቀን ሌላውን ብንጽፍላችሁ ደግ አይሆንም።

በአሜሪካ የ1976 የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ፊልምን በሕዝብ ፊት የማሳየት መብት የባለቤቱ ነው። «የሕዝብ ፊት» ማለት ለሁሉም ክፍት የሆነ ቦታ፣ ወይም ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጆች ክበብ ውጭ ያሉ ብዙ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው። የመግቢያ ገንዘብ አለመጠየቅ ነገሩን አይለውጠውም። ሕጉ ለትምህርት ቤት ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፦ ለትርፍ ባልቆመ ተቋም፣ በክፍል ውስጥ፣ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ሆነው ለሚደረግ ትምህርት ፊልም ማሳየት ይቻላል፤ ቅጂው ግን በሕጋዊ መንገድ የተሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ያ የ2008ቱ መምህር ቁልፉ የከለከለውን ነገር ሕጉ ሊፈቅድለት ይችል ነበር።

ለአምልኮ ስፍራም ልዩ ፈቃድ አለ። በአምልኮ ፕሮግራም ውስጥ መዝሙር መዘመርና ከመጻሕፍት ማንበብ ይፈቀዳል። ፊልም ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አብያተ ክርስቲያናት ፊልም ለማሳየት ከባለቤቱ፣ ወይም ይህን ፈቃድ በዓመታዊ ክፍያ ከሚሰጡ ድርጅቶች ማግኘት ይኖርባቸዋል። እኛ የገዛነው ፊልም ደግሞ በመደብሩ ውል ላይ ለግልና ለቤት አገልግሎት ብቻ የተሸጠ ነበር። ውሉን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን ነበር የተጫንነው።

እንግዲህ ያን ምሽት ፕሮጀክተራችን አዲስ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይታይ ነበር፤ እኛም ያለ ፈቃድ በአዳራሽ እያሳየን «ገዝተነዋል» ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። ቁልፉ የመብት ጉዳይ አይገባውም። ፈቃድ ያለውን መምህር ይከለክላል፤ ፈቃድ የሌለውን ጉባኤ አዲስ ገመድ ካለው ያሳልፋል። የቁልፉ መከፈት ፈቃድ እንዳልሆነ፣ መዘጋቱም ጥፋተኝነት እንዳልሆነ የተማርነው በዚህ ነው።

ለመሆኑ ምን ገዛን?

በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መጽሐፍ የሸጠ አሳታሚ ገዢው በምን ዋጋ መልሶ እንደሚሸጠው ሊወስንበት አይችልም ሲል ፈረደ። ከዚያ የመጣው ልማድ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ የገዛነውን መጽሐፍም ሆነ ዲቪዲ እናውሳለን፣ እንሰጣለን፣ እንሸጣለን። በኢንተርኔት መደብር «ግዛ» የሚለውን ስንጫን ግን በአብዛኛው የምናገኘው የማየት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም በውል የታሰረ ነው። በ2011 የተጀመረው አልትራቫዮሌት የተባለ አገልግሎት አንዴ ገዝታችሁ በየትኛውም መሣሪያ እዩ ይል ነበር፤ በጁላይ 31 ቀን 2019 ተዘጋ። ፊልሞቻቸውን ከሌላ መደብር ጋር አስቀድመው ላገናኙት ብዙ አልጎደለባቸውም፤ ቤተ መጻሕፍታቸው ግን በሌላ ሰው እጅ እንደ ነበረ ሁሉም አዩ።

የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ባወጣችውና ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ፣ ሻጮች ፈቃድ ብቻ እየሰጡ «ግዛ» ብለው ገዢውን እንዳያሳስቱ፣ የሚሰጡት ፈቃድ መሆኑንም በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። እኛ ይህን መልካም ጅምር ብለን እንቀበለዋለን። እውነተኛ ሚዛን የሚጠየቀው ከገዢ ብቻ አይደለምና፤ ነጋዴም የሚሸጠውን በስሙ ሊጠራው ይገባል።

ለእኅታችን የሰጠናት መልስ

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ያቺን እኅታችንንና ጓደኞቿን ሰብስበን ተነጋገርን። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ፍላሹን የሰካነው እኛ ታላላቆቹ ነን፤ ልጆቹ ያዩትም ያንን ነው። ፍላሹን ያመጣውን ወንድም ለብቻው አልወቀስነውም፤ ያጨበጨብነው አብረን ነበርና።

ከወጣቶቹ አንዱ ጠንከር ያለ ክርክር አቀረበ። «ገንዘቡን ከፍለናል፤ ባለ ፊልሙ ድርሻውን አግኝቷል። ታዲያ የወረደውን ብናይ ማን ተጎዳ?» አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከኦስሎ ዳኞች ሐሳብ ጋርም ይቀራረባል። ነገር ግን ያን ቅጂ በኢንተርኔት ያስቀመጠው ሰው ለእኛ ለከፈልነው ብቻ አላስቀመጠውም። ደግሞም ገንዘቡን የከፈልነው በቤት ለማየት ነበር፤ በአዳራሽ ለማሳየት አልከፈልንም።

ስለ ራሳችን ሰዎችም ተነጋገርን። በካሴት ዘመን ዘማሪዎቻችን ስንት ለፍተው ያወጡት ሥራ ወዲያው ተገልብጦ በየመንገዱ ሲሸጥ አይተናል። ብዙዎቻችን ገዝተነዋል፤ በመዝሙሩ እያለቀስን ዘማሪው ግን ምንም እንዳላገኘ አላሰብንም። በአገራችንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቶ ሥራቸውን ይጠብቃል። የራሳችን ዘማሪ ሲዘረፍ የሚያመን ከሆነ፣ የማናውቀው የፊልም ባለሙያ ሲዘረፍ «ሀብታሞች ናቸው» ማለት አይበቃንም።

በመጨረሻም ወደ ቃሉ ሄድን። ጳውሎስ ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰበውን ገንዘብ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያደርስ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ ማድረጉን በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ እናነባለን። በጌታ ፊት ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም በሰው ዘንድም ነገሩ የጠራ እንዲሆን ፈለገ፤ መታየትን አልናቀም። ይህ ክፍል በሁለት በኩል ረዳን። ታማኝ ሰው መጠየቁን እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ቁልፉን የሠሩትን ሰዎች ሁሉ መርገም ትተናል። ነገር ግን ከጳውሎስ ጋር የሄዱት ሰዎች ነበሩ፤ ሰው ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ይረዳል። የእኛ ላፕቶፕ ማብራሪያ አይሰማም፤ ደረሰኝ አያነብም። መታመንን ሙሉ በሙሉ ለመሣሪያ የሰጠ ዓለም ቅኑን ሰው ሲያስቸግር ይኖራል፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው።

ያደረግነውን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ምናልባት ለእናንተም ጉባኤ ይጠቅማል። የወረደውን ቅጂ አጠፋነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ዓመታዊ የማሳያ ፈቃድ ገዛን፤ የምንፈልገው ፊልም በፈቃዱ ውስጥ መኖሩንም አስቀድመን እናጣራለን። ፈቃዱ ቁልፉን የመስበር መብት እንደማይሰጥ ስላወቅን፣ ኤችዲኤምአይ የሚቀበል ያገለገለ ፕሮጀክተር በርካሽ አገኘንና አሮጌውን ለመዝሙር ግጥም አስቀረነው። ከፕሮግራሙ ሁለት ቀን በፊትም ፊልሙን በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው አዳራሽ ለአምስት ደቂቃ እንሞክረዋለን።

ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ፊልም አየን፤ ስለ ይቅርታም ተወያየን። ያቺ ታዳጊ እኅታችን ሻይ ስትቀዳ ወደ መሪያችን ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የዛሬውስ የማን ነው?» አለችው። በዚህ ጊዜ ደረሰኙንና ፈቃዱን አውጥቶ አሳያት።

ወገኖች ሆይ፣ በእናንተስ ቤትና ጉባኤ በፍላሽ፣ በስልክ፣ በላፕቶፕ ውስጥ የተቀመጠው የማን ነው? በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ጌታ በትንሹም በትልቁም የታመንን ያድርገን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።